የመምህሩ ሙሾ

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ጆንያ ሲደገፍበት የኖረው ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ ወዝቷል፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ ተሰክቶ ቀርቷል። መስኮት አልነበረውም። ከጣሪያው ሥር እህሉ እንዳይታፈን የተተወች ቀዳዳ ነበረች፤ አሁን እኛ እስረኞቹ በተራ እየቆምን የምንተነፍስባት እሷ ናት። ከእንጅባራ ያመጡኝ በመኪናው ወለል ላይ አስተኝተው ስለነበር የት እንዳለሁ አላወቅሁም። ከውጭ አንድ የሚኒባስ ረዳት "መራዊ! ባሕር ዳር!" እያለ ሲጣራ ስሰማ ዳንግላ መሆኑን ገመትሁ። በቀን ከዚያች ቀዳዳ በቀር ብርሃን አልነበረንም፤ ሌሊት ደግሞ አምፖሉ አይጠፋም።

የያዙኝ ላስተምር ወደ ክፍል ልገባ ስል በር ላይ ነው። ባህልና የፈጠራ ኢንዱስትሪ የሚባል ትምህርት አስተምር ነበር። ስሙን ስነግራቸው ዘመዶቼ ፋብሪካ ይመስላቸዋል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰፌድ የምትሰፋው፣ ቀርከሃ የሚያጎብጠው፣ ዜማ የሚያወጣው ሁሉ ሠሪ ነው፤ ሥራውም ባለቤት አለው። "የሕዝብ ነው" የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነበር የምቆጥረው። የሕዝብ ነው ስንል ሠሪውን ቀብረን መቃብሩ ላይ መደነሳችን ነው እያልሁ በተማሪዎቼ ላይ እጮህ ነበር። ጩኸት እወዳለሁ፤ ሚስቴም ትመሰክራለች።

ከመያዜ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ፣ ገጠር ውስጥ፣ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቹ በሰልፍ ላይ በጥይት የተመታ ወጣት ነው። አልቃሿ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሀል ቆመች፤ በእናቲቱ አንደበት እንዲህ አለች፦

ቤት ልሥራ ብሎኝ ነው ቀርከሃ መቁረጡ፣
በዚያው ቀርከሃ ላይ ተሸክመውት መጡ።

ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። ቀጠለች፦

ግብሬን ከፍዬ ነው በሰላም ያደርሁት፣
ጥይት ገዝቼ ነው ልጄን ያስገደልሁት።

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። እኔም ዕንባዬ መጣ፤ ከዕንባዬ ጋር ግን፣ ሥራዬ ሆኖብኝ፣ "ይህች ሴት ማን ናት?" የሚል ጥያቄ አብሮ መጣ። ከቀብር በኋላ ጠጋ ብዬ ስሟን ጠየቅኋት። "ስሜ ምን ይሠራልሃል፤ ሙሾ የሟች ነው" አለችኝ። ስወተውታት ነገረችኝ።

ግጥሙን ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ጽፌ "የማን ነው?" አልሁ። "የሕዝብ!" አሉኝ ባንድ ድምፅ። ደሜ ፈላ። "ሠሪዋ በሕይወት አለች፤ ስሟን አውቃለሁ። ፈቃዷን ጠይቄ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እነግራችኋለሁ" አልሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ነበር፤ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ያዦቼ ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የተማሪዎቼን አቀማመጥ ሳይቀር ያውቃል።

"መምህር፣ አንተ ላይ ጉዳይ የለንም" አለኝ። "አንተ ምሁር ነህ፤ ሰማህ፣ ጻፍህ። እኛ የምንፈልገው ሴትዮዋን ነው። ስሟን ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።"

"አላውቃትም።"

"አውቃታለሁ ብለህ ለክፍል ሙሉ ሰው ተናግረሃል።"

ሴትዮዋን ሳስባት እጇ ነው የመጣብኝ፤ ደረቷን ስትደቃ ያየሁት፣ ጭቃና እበት የጠገበ እጅ። እዚህ ክፍል ውስጥ፣ እዚህ ወንበር ላይ አሰብኋት።

"ሴትዮ የለችም" አልሁት። "ግጥሙ የእኔ ነው። ተማሪዎቹ እንዲያምኑልኝ የፈጠርኋት ሴት ናት።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "የሰው ሥራ አትስረቁ እያልህ የምታስተምር ሰው?"

"እኔው ነኝ።"

"ወንድ እንዲህ አያለቅስም" አለ። ቆየና፣ "እሺ፤ ገጣሚ ከሆንህ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። አንድ ሙሾ ታወርድልኛለህ። ሟች ካስፈለገህም አለልህ፤ ስለ ራስህ አልቅስ" አለኝ። ይህን ሲል አልሳቀም።

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ፈርቼ ነበር፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ስለ ሙሾ አሠራር ሁለት ሰዓት ሙሉ ማስተማር እችላለሁ፤ አንድ ስንኝ ገጥሜ ግን አላውቅም። ዋናተኛን የሚገመግም ሰው ዋና ይችላል ማለት አይደለም። ግድግዳው ላይ ተደግፌ ቃል ስፈልግ ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አዩኝ። የፋግታ ገበሬ ናቸው፤ ከሰል ጭነው ገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ ነበር የተያዙት። የሆነውን በሹክሹክታ ነገርኋቸው።

"እኔም ለቅሶው ላይ ነበርሁ" አሉኝ። ወደ ሌሎቹ በአገጫቸው አመለከቱ። "እዚህ ካለነው እሷን የማያውቅ የለም። ለእኔ ወንድም ያለቀሰችለት እሷ ናት።"

"እንግዲያ ቢጠይቋችሁስ?"

"መጠየቁን ይጠይቁ" አሉ። "አንተ ብቻ ያንተን አውጣ።"

"አልመጣልኝ አለ፣ አባባ።"

"ቢመጣልህም ለብቻህ አይሆንም። ሙሾ ተቀባይ ይፈልጋል።" ከዚያ በአገውኛ ከሌሎቹ ጋር ተነጋገሩ። ምን እንዳሏቸው ሁሉም አልገባኝም፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። በለቅሶ ላይ ወንድ ይፎክራል እንጂ ሙሾ አይቀበልም፤ እንኳን ቆሞ ለሚሄድ ሰው።

መርማሪው በተባለው ሰዓት መጣ። በሩን አስከፍቶ ደፍ ላይ ቆመ፤ ሽታው ነው መሰለኝ ወደ ውስጥ አልገባም። "እህ፣ መምህር" አለ።

ተነሥቼ ቆምሁ። ነጠላ ስላልነበረኝ ኮቴን አውልቄ ገልብጬ ትከሻዬ ላይ ጣልሁት። እንዲህ አልሁ፦

ጎተራ ከተቱት እህል ይመስል ሰው፣
እናቱ ስትመጣ ምን ይዛ ትስፈረው።

ቤቱ እንኳን በቅጡ አልመታልኝም። አፌ ላይ ሳለ አውቄዋለሁ። "እናቱ" ስል ግን እናቴ መጣችብኝና ድምፄ ተሰበረ። ያ የታሰበበት አልነበረም።

መርማሪው አንገቱን ነቀነቀ። "ይኼ ያንን አያክልም" አለ። ልክ ነበር፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ከዚያ በላይ ማርክ አልሰጥም።

"ያንን ስገጥም ሟች ነበረኝ" አልሁት።

ከኋላዬ "ወየው!" የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ነበሩ። ደረታቸውን ደቁ። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው ተቀበለ። እነዚያ የሞፈር እጆች ደረት ላይ ሲወርዱ መጋዘኑ ከበሮ ሆነ። እኔ ዳግመኛ አልሁት፤ ዳግመኛ ተቀበሉኝ። ለእኔ ያለቀሱ አይመስለኝም። በዚያ ወራት ሁሉም ያላለቀሰለት ሟች ነበረው።

"ዝም በሉ!" አለ መርማሪው። ዝም አሉ። ሽማግሌውን በጣቱ ጠራቸው።

"አንተ። ያኛው ሙሾ የማን ነው? የጥይቱ።"

ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። "የመምህሩ ነው" አሉ።

"እያየሁህ ትዋሻለህ?"

"ምነው ጌታዬ፤ እኔ ፊደል አላውቅ። የተማረ ሰው አይዶል እንዲህ ያለውን የሚገጥም?"

ይዘዋቸው ሄዱ። ሲመልሷቸው ከንፈራቸው አብጦ፣ አንድ ዓይናቸው ተከድኖ ነበር። ውሃ ሰጠኋቸው። "እርስዎ ለእኔ ብለው..." ብዬ ስጀምር፣ "ላንተ አይዶልም" ብለው አቋረጡኝ።

ማታውኑ ቃሌን አስጻፉኝ። "ከላይ የተጠቀሰውን ግጥም የደረስሁት እኔ ነኝ" ይላል። መርማሪው እስኪርብቶውን ሲያቀብለኝ፣ "የሌላ ሰው እስር ነው የምትፈርመው" አለኝ። ፈረምሁ። ሁልጊዜ የምፈርመው ተጣድፌ ነው፤ ያን ቀን ግን ፊደሎቹ አንድ በአንድ እንዲነበቡ አድርጌ ጻፍሁ። ከዚያ ለወራት ሌላ ቦታ ወሰዱኝ፤ እሱን አሁን አላወራውም። ሽማግሌውን ዳግመኛ አላገኘኋቸውም።

ስፈታ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ እሷ ነው። አዲስ ቅዳም ላይ ከመኪና ወርጄ ብዙ በእግሬ ተጓዝሁ። ደጃፏ ላይ ጥጥ ስትፈትል አገኘኋት፤ ሁሉን ሰምታለች። ዘመኑ ተለውጧል፣ ባደባባይ ያንቺ ነው ልበል ብዬ ለመንኋት።

እንዝርቷን አስቀመጠች። "ልጄ፣ ተለውጧል ያለህ ማን ነው?" አለችኝ። "ሦስት ልጅ አለኝ። አንተው ጋ ይደር።"

"ግጥሙ ግን ያንቺ ነው፣ እትዬ።"

"የእኔ መሆኑን እኔ አውቃለሁ" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

የተናገረችው ደርሶ አየነው፤ ዘመኑ እሷ እንደፈራችው ሆነ። ሙሾው አገር ለአገር ዞሯል። በአዲስ ቅዳም ለቅሶ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ "የመምህሩ ሙሾ" ነው የሚሉት። በመንገድ ላይ ሰው አቁሞኝ "እጅዎ ይባረክ" ይለኛል፤ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። እንዲህ ባልሁ ቁጥር ከሷ ላይ አንድ ነገር የቆረስሁ ያህል ይሰማኛል።

አሁንም አስተምራለሁ። አሁንም ሥራ ሁሉ ባለቤት አለው እላለሁ፤ እንደ ድሮው አልጮህም እንጂ። በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ያን ሙሾ እንዳነብላቸው ይጠይቃል። አነባለሁ። ከዚያ አቀርቅረው ከግጥሙ ሥር ስሜን ይጽፋሉ፤ እኔም ጽፈው እስኪጨርሱ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።