ሲነቀል ድምፅ የማይለውጠው

አጎቴ ወደ አኺራ፣ ወደ ወዲያኛው ዓለም፣ ከሄዱ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ሞተሩ የሚንተባተብ መኪና በመርሳ አስፋልት ባለፈ ቁጥር ብድግ ብዬ ወደ በሩ እሄዳለሁ።

በጦርነቱ ከወልድያ ስንሸሽ አሮጌ መኪናቸው ከውርጌሳ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከኋላችን መድፍ ይሰማል። አክስቴ፣ ባለቤታቸው፣ «ያ ረቢ! ዝም ብለው ይንዱ እንጂ!» ብላ ጮኸች። እሳቸው ግን ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ።

«ዝም በሉ፣ ልስማት!» አሉ እንደ ልማዳቸው። በጨርቅ ይዘው፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ እየነቀሉ ይመልሱ ጀመር። አንዱን ሲነቅሉ ሞተሩ ይብስበታል፣ ሌላውንም ሲነቅሉ እንዲሁ። ሦስተኛው ሲነቀል ግን ድምፁ ያው ነው።

«ይኸው በድኑ! ሲነቀል ድምፅ የማይለውጥ ድሮም አይሠራም» አሉ። ሞተሩን አጥፍተው የዚያን ካንዴላ ጥላሸት ጠረጉ። ሐይቅ ድረስ ሳንቆም ገባን።

አላህ ይዘንላቸው፣ ዛሬ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። አክስቴ ምሳ ባቀረበች ቁጥር የእሳቸውን ቦታ ትጠርግና እንደሌሉ ትዝ ሲላት ትታው ትነሳለች። ልጆቻቸው በትንሽ በትልቁ ይጣላሉ። እኔም ይኸው በር ላይ ነኝ።

እሳቸው ተነቀሉ፤ ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።