የፔርሙዝ ጽዋ

ሳዑዲ፣ ኹበር ከተማ፣ ቱቅባ ሰፈር ውስጥ የማርያም ማኅበር ነበረን፤ ጽዋችን ደግሞ ፔርሙዝ ነበር። ፔርሙዝ ያየ ሰው ሻይ ነው ብሎ ያልፋል እንጂ ምን አለበት ብሎ አይጠይቅም። ብርዝ እንሞላበትና በቁራጭ ነጠላ ሸፍነን፣ በሩን ቆልፈን፣ በሹክሹክታ እንጸልይ ነበር። የማኅበር መሪ በአገራችን ደንብ ሙሴ ይባላል። የእኛዋ ሙሴ ከሁላችንም ቀድማ ወደ ኹበር የመጣች፣ ዐረብኛን እንደ ውኃ ጠጥታዋለች የምትባል ሴት ነበረች። የምትባል ያልኩት ራሷ ስለምትል ነው።

ስትጸልይ ማየት ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ "እህቶቼ፣ በሰው አገር እኛ ለእኛ ካልሆንን ማን አለን?" ስትል እንባዬ ይመጣ ነበር። አሁን ሳስበው የሚመጣብኝ ሌላ ነገር ነው።

እኔ የምሠራው አል ዐዚዚያ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ ነበር። መስኮት ስወለውል ከመሰላል ወድቄ ወገቤ ተጎዳ። ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ጎንበስ ማለት የማትችል ሠራተኛ ምን ታድርግላት? "ለጊዜው ጓደኞችሽ ጋ እረፊ፣ እኔ ነገርሽን እጨርሳለሁ" ብላ ራሷ ቱቅባ አድርሳኝ ተመለሰች። ሙሴና ሌሎች ማኅበርተኞች በጋራ የተከራዩት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘረጉልኝ። የዚያ ወር ተራ የእኔ ስለነበር ጽዋውንም ተቀብዬ ነበር። ጽዋ የተቀበለ ሰው ተራውን ሳያወጣ መቅረት አይችልም፤ ቃል ነው፣ እንደ ማተብ።

ትንሽ ቆይቶ ማዳሜ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የእኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ከአምጪ፣ ውሰጂ፣ አጽጂ አያልፍም። ሙሴ "አምጪው፣ እኔ ልስማው" ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ልብስ ማጠቢያው አጠገቧ እየተሽከረከረ ያጓራል። አንዴ ሰማችና ፊቷ ልውጥ አለ።

"ሁሩብ አድርጋሻለች" አለች።

ሁሩብ ማለት ካፊሏ፣ አሠሪዋ ማለቴ ነው፣ "ጠፍታለች" ብሎ ያመለከተባት ሴት ናት። የመኖሪያ ፈቃዷ ይሞታል፣ በተያዘች ቀን ታስራ ትባረራለች፣ ያስጠጋትም ሰው አብሯት ይጠየቃል። ከእነዚያ ሁሉ እህቶቼ አንዷ እንኳ "እስቲ ድገሚው" አላለችም። ሙሴ "ስልክሽን አጥፊ፣ በሱ ይከታተሉሻል" አለችኝና ሻንጣዬን ራሷ በሩ ጋ አደረሰችልኝ። ለወገቤ አስባ መሰለኝ።

ደረጃው ላይ ስደርስ ጠራችኝ። ልቤ ሞኝ ነው፣ ተጸጸተች ብዬ ዞርኩ።

"ጽዋውን ስጪን" አለች። "የማኅበሩ ነው።"

"ተራዬን ሳላወጣ አልሰጥም" አልኳትና ፔርሙዙን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወረድኩ። የእስራኤሉ ሙሴ ባሕር ከፍሎ ሕዝብ አሻግሯል። የእኛዋ በር ከፍታ አንዲት ወገቧ የታመመ ሴት አስወጣች።

ጎረቤት ከተማ ደማም ውስጥ በርበሬ የምንገዛቸው አንዲት የወሎ እናት ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ ልጆቻቸውን እዚሁ ወልደው ያሳደጉ፣ ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ማለት ነው፣ የተስተካከለ። ከበርበሬ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም፤ ሌላ የምሄድበት ግን ጠፋኝ። ታክሲው ውስጥ ሆኜ የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር ፊቴን በሻርፔ እሸፍናለሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ፣ "እማማ፣ አልዋሽዎትም፣ ሁሩብ ነኝ" አልኳቸው።

"አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ። እህል ቀምሰሻል?" አሉኝ።

በማግስቱ ማርያም ነበረች። ማር ይኖርዎታል ወይ ብዬ ለምን እንደፈለግኩት ነገርኳቸው። ማሩን ሰጥተውኝ ጓዳውን ዘጉልኝ፤ የልጅ ልጆቻቸውንም ዝም በሉ ሲሉ ሰማኋቸው። ብርዜን በጠበጥኩ፣ የዐረብ ዳቦውን፣ ኹብዙን፣ ቆረስኩ፣ ፔርሙዙን ነጠላውን አልብሼ ብቻዬን ቆምኩ። ጸሎቴ የሚያምር አልነበረም። አማረርኩ። ሙሴን አልረገምኳትም፤ ግን ብዙም አልራቅኩም። ደክሞኝ ዝም ስል ትዝ አለኝ፤ እመቤቴም ቀኗ ደርሶ ማደሪያ አጥታለች። በር ፊት ላይ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል እሷ ታውቀዋለች፣ አላስረዳትም። ያኔ ሆዴ ተከፈተና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ቱቅባ ክፍሉ ሞልቶ ስንጸልይ እንደዚያ ቀን ሰው አጠገቤ ቆሞ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው እማማ "ያን መልእክት እስቲ እኔም ልስማው" ያሉት። ስልኬን አበራሁት። ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙትና ሳቃቸው መጣ።

"ሁሩብ ማን አለሽ? ኹሩጅ ነው እኮ የምትልሽ። ኹሩጅ አስወጥቼልሻለሁ፣ ቲኬትሽንም ቆርጫለሁ፣ መጥተሽ ፓስፖርትሽን ውሰጂ ነው የምትለው።"

ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ነው፤ አንገትሽን ቀና አድርገሽ በሕግ አገርሽ የምትገቢበት። በእኛ አፍ ሁለቱም በ"ሁሩ" ይጀምራሉ፣ የቀረውን ፊደል ልብስ ማጠቢያው በልቶታል። ዐረብኛን እንደ ውኃ የጠጣችው ሴት በአንድ ፊደል ታንቃ እኔን ተፋችኝ።

ወሬው ቱቅባ ሲደርስ ስልኬ አላረፈም። ሙሴ ዓይኗን በጨው አጥባ ደወለች። "እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ ጸሎታችን ሠራ" አለች። ስለ ወገቤም ጠየቀች። ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ፦ "ለእናቴ ትንሽዬ ሻንጣ ታደርሺልኛለሽ አይደል?"

ናቅኳት። ንቀት ኃጢአት ነው ይላሉ። ይሁን፣ አገሬ ስገባ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም እሷን ቢያውቋት ኖሮ ቀኖናውን ያቀሉልኝ ነበር። "ጽዋውን ላስረክብሽ እመጣለሁ" ብቻ ብዬ ዘጋሁት። ቀጣዩ ተራ የእሷ ነበር።

ፔርሙዙን በብርዝ ሞልቼ ሄድኩ። ሁሉም የሚላክ ዕቃቸውን አሰናድተው ጠበቁኝ፤ ያኔ ሁሩብ ነበርኩ፣ አሁን ካርጎ ሆኛለሁ። ሙሴ ትንሽዬ ያለችውን ግዙፍ ሻንጣ በቀኝ እጇ ይዛ መጣችና ለጽዋው ግራዋን ዘረጋች።

"በሁለት እጅ ነው" አልኳት።

ደንቡን ያስተማረችን እሷ ናት። እስክታስቀምጠው ድረስ ፔርሙዙን ይዤ ቆሜ ጠበቅኋት፤ ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ ሻንጣውን እግሬ ሥር አኖረችው፣ ጎንበስ ብላ ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው።

"ለከርሞው ያድርስሽ" አልኳት፤ ከልቤ ነው። ወገቤን ይዤ ሻንጣውን ተሻገርኩና ወጣሁ።