በቦይ የመጣው እንግዳ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ ጊዜ፣ ከመንገድ ሥራው ሹሞች አንዱ ከአስተርጓሚው ጋር ቤታችን መጣ። ከጓሯችን በላይ ያለውን ጉብታ ወዶት ኖሯል፤ ገዝቶ የዕረፍት ቤት ሊሠራበት ፈለገ። አባቴ ርስት አይሸጥም ብሎ አላባረረውም። መሬት የሚሻን ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀው፦ «በየትኛው አያትህ በኩል ነው የምትወለደን? እስከ አቅኚው አባት ቁጠርልኝ።»

ሰውዬው የአባቱንና የአያቱን ስም ጠራና ቆመ።

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ አገር በምን አቋርጠህ መጣህ?» አለው አባቴ።

ሰውዬው ፊቱ በራ። ሰው በቆፈረው ውሃ ላይ፣ ግራና ቀኙን አሸዋ እያየ፣ በትልቅ መርከብ መምጣቱን ተረከ። አስተርጓሚው ቃል ቢያጣ «በቦይ መጣሁ ይላል» አለ። እኛ ሴቶቹ በነጠላችን አፋችንን ይዘን ሳቅን። የእኛን ቦይ እኔ እንኳ በአንድ እርምጃ ነበር የምሻገረው።

አባቴ ግን ዕድሜውን ቦይ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው፤ አልሳቀም። እስከ በሩ ሸኘውና፣ «ልጄ፣ ቦይ በበጋ ይደርቃል፤ ውሃው ሳይጎድል ቶሎ ተመለስ» አለው።

አገሩ እስከ ዛሬ ቅኔ ተናገረበት ይላል። ምን ያውቃሉ! እኔ ዓይኑን አይቻለሁ፤ አባቴ የምሩን አዝኖለት ነበር።