ኦቦ ዋቅወያ ፒካፕ ሲለኩ

ኦቦ ዋቅወያ ነቀምቴ ገበያ ዳር ተቀምጠው ሠላሳ ዓመት ኮርቻ ሰፍተዋል። የሰው ስም ይረሳሉ፤ የበቅሎ ጀርባ ግን አይረሱም። እኔንና ወንድሜን መንገድ ላይ ሲያገኙን፣ "አካም ጅርቱ፣ የዚያች ትከሻዋ ዝቅ ያለው ግራጫ በቅሎ ልጆች" ይሉን ነበር። በቅሎዋ ከሞተች ቆይታለች፤ አባታችንም እንዲሁ።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ለሲሬው ለኦቦ ኩማ ልጅ ታጨሁ። ወንድሜ ነገራ ከጊዳ አያና በቆሎ የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። "እህቴን በመኪና ነው የማመጣት" ብሎ ሽማግሌዎች ፊት አፉን ሞልቶ ተናገረ። ኦቦ ኩማ ግን መኪናዋን ያውቋታል። ከመሪው ፊት ያለው የዳሽቦርዱ ልብስ ፀሐይ ሰነጣጥቆት፣ ስፖንጁ ይረግፋል፤ ከሥሩ የወጣው ቆርቆሮ ቀሚስ ይቀድዳል።

"የልጄ ሙሽራ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ተቀምጣ ደጄ አትደርስም" አሉ። "አልብሷት። አለዚያ በቅሎ እልካለሁ።"

ሾፌር እህቱን በበቅሎ ከዳረ የነቀምቴ ሾፌር ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ይስቅበታል። ነገራ አዲስ ልብስ አዲስ አበባ ድረስ አፈላልጎ አጣ። ከቆዳ ሊያሰፋ ኦቦ ዋቅወያ ዘንድ ሄደ።

ኦቦ ዋቅወያ መኪናዋን ዞሯት። ኮፈኗን ቸብ ቸብ አደረጉና፣ "ትራገጣለች?" አሉ።

"መኪና ናት እኮ፣ ኦቦ ዋቅወያ።"

"እሱን አልጠየቅሁህም። በልታለች ወይ?"

"ነዳጅ አላት።"

"ጭነትስ? ባዶዋን አልለካም። በባዶ ሆድ የተለካ ኮርቻ ከብት ያቆስላል።"

ነገራ ቢለምን ቢከራከር እምቢ አሉት። አሥር ኩንታል በቆሎ ጭኖ ተመለሰ። ያኔ በስንዝርና በጣት ለኳት።

ልብሱ የደረሰው በሠርጌ ዕለት ጠዋት ነው። የላመ የበሬ ቆዳ፣ ዳሩ በቀይ ክር የተጠለፈ። ኦቦ ዋቅወያ ግራና ቀኙን በጠፍር ከሁለቱ በሮች ምሰሶ ጋር አሰሩት። መሐሉ ጉብ አለ። ለካ የመኪናዋ ጎኖች በእርጅና ላልተው፣ ስትጫን ይከፈታሉ፤ ባዶዋን ስትሆን ይሰበሰባሉ።

"ግመል ሠሩልኝ" አለ ነገራ።

"እኔ የሰፋሁት ለጠገበች ነው። አብላት።"

በቆሎው ተሸጧል። ስለዚህ ሰው ጫንን። ሚዜዎቹ ወጡ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች ወጡ፤ አንድ ሰው በወጣ ቁጥር ጉብታው ዝቅ ይላል። በመጨረሻ አክስቴ በቀለች ስትወጣ ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጠረ።

"እንግዲህ ማንም እንዳይወርድ" አሉ ኦቦ ዋቅወያ፣ እሳቸውም ከኋላ ተቀምጠው።

ሲሬ ስንደርስ የኦቦ ኩማ በቅሎ ኮርቻ ተጭና ደጅ ቆማለች።

"ውረዱ እንጂ" አሉ ኦቦ ኩማ።

"ደኅና ነን" አለች አክስቴ በቀለች።

"ገብታችሁ ብሉ።"

"እዚሁ ይሁንልን።"

ኦቦ ኩማ ግራ ገብቷቸው ምግቡን ወደ መኪናዋ አስመጡ። እነዚያ እየተገፋፉ ሲበሉ፣ እሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ። ቆዳውን ዳሰሱ፤ ስፌቱን በጥፍራቸው ሞከሩ።

"ይቺ ከበቅሎዬ የተሻለ ለብሳለች" አሉ በመጨረሻ። "የበቅሎዋን ኮርቻ አውርዱ።"

ዘማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ እልል ብለው ሁሉም ባንድ ጊዜ ከመኪናዋ ዘለው ወረዱ። ቆዳው ጉብ ብሎ ተነሣና የኦቦ ኩማን ባርኔጣ ከራሳቸው ላይ ጣለው።

ነገራ ዓይኑን ጨፈነ።

ኦቦ ዋቅወያ ቀስ ብለው ወረዱ። "ጭነት ወርዶላት ነው" አሉ። "ትተንፍስ።"

ኦቦ ኩማ ባርኔጣቸውን አንሥተው አራገፉ። ጉብታውን አዩ፣ በቅሏቸውን አዩ።

"እውነት ነው፤ የእኔዋም እንዲሁ ናት" አሉ። ከዚያም ወደ ጓሮ ዞረው፣ "ለዚችም ውሃ አምጡላት" ብለው አዘዙ።

ውሃው በባልዲ መጣ። ነገራ ወርዶ ራዲያተሩን ከፈተላት።