ጀርባዋን ሰጥታ

ልጄ ሞተር ሳይክሉን ሲያስነሳ የቤንዚን ሽታ በመስኮት ገባና ወሰን ሰፈር የነበረው የድሮ ቤታችን ትዝ አለኝ። የአባዬ ሞተር ክረምቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ይቆማል፤ እማዬም መሪው ላይ ካልሲያችንን ታሰጣበታለች። መስቀል አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ግን እሁድ እሁድ ሁላችንም እንጦጦ እንወጣለን። አባዬ ከጓደኞቹ ጋር በባሕር ዛፉ መሃል ይሽቀዳደማል፤ እኛ እየዘለልን እንጮኻለን። እማዬ ሁሌም ለውድድሩ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ቆሎ ታዘግነናለች።

አንድ እሁድ የአባዬ ሞተር ድምፅ ከኩርባው በስተጀርባ ድንገት ጠፋ። የእማዬ እጅም ቆሎው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ያወጣችው ድምፁ ሲመለስ ነው።

«ለምን አባዬን አታዪውም?» አልኳት።

«ካየሁት አደጋውን እለምደዋለሁ» አለችኝ።

መልመድ ምን ክፋት እንዳለው ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ልጄ ከግቢ ሲወጣ፣ ሳላስበው ለመስኮቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። እማዬ ከሶፋው ላይ አየችኝ። ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል።

«ድምፁ አሁንም ይሰማል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ይሰማል፣ እማዬ።»

ድምፁ ከጠፋ በኋላም ደግማ ጠየቀችኝ። ይሰማል አልኳት።