የነጋዴው ቤት መሐል ግድግዳ

ጁባ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን፣ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ የድሮ ነጋዴ ቤት ነው። ፎርማኑ ጋሽ ጌታሁን በር ላይ ጠበቀኝ። ጨበጠኝና መዳፌን ገልብጦ አየው።

«ድንጋይ ላይ ስንት ዓመት ሠራህ?»

«አሥራ አንድ።»

«እንግዲያው ዛሬ ቤቱን ተመልከተው። ነገ ማፍረስ እንጀምራለን።»

ቤቱን ያሠራው የውጭ አገር ነጋዴ ነበር አሉ። በመንገዱ በኩል ሱቁ አለ፤ ከፊቱ ወፍራም ምሰሶዎች የተሸከሙት ሰፊ በረንዳ። ከሱቁ ጀርባ መስኮት የሌለው መጋዘን፤ አየር የሚያገኘው ጣሪያው ሥር ከተተዉ ጠባብ ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ከዚያ ግቢ፣ ከግቢው ማዶ ደግሞ መኖሪያው። በሮቹ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ናቸው። ነጋዴው ምሳውን እየበላ የሱቁን ደጃፍ ማየት ይችል ነበር። እንዲህ አስቦ የተሠራ ቤት ላይ ሠርቼ አላውቅም፤ ወደድኩት።

የቤቱ ባለቤት ማማ ኬጂ የሚባሉ የአገሩ ሴት ናቸው፤ እሳቸው መኖሪያው ውስጥ ናቸው። ሱቁንና መጋዘኑን የተከራዩት እትዬ አልጋነሽ ናቸው፤ የጎንደር ሴት፣ ሬስቶራንት ሊከፍቱበት። «ሁለቱ ክፍሎች አንድ አዳራሽ ይሁኑልኝ» ብለው አዘዋል። በመሐል ያለው ግድግዳ ሊፈርስ ነው ማለት ነው።

ግድግዳውን በመዶሻ አንኳኳሁት። ዳርና ዳሩ ጠንካራ ድምፅ ሰጠኝ። መሐሉ ግን እንደ ባዶ በርሜል አስተጋባ። ልስኑን ፈልቀቅ አድርጌ በመሮ ገባሁበት። ድንጋዩ በግራና በቀኝ ፊት ብቻ ነው፤ ሆዱ ጭቃና ጠጠር ነው።

ማማ ኬጂ ቆመው ያዩኝ ነበር። በጁባ ዐረብኛ የሆነ ነገር አሉ። ላዶ ተረጎመልኝ። ላዶ ከእኛው ሠራተኞች አንዱ፣ የጁባው የካቶር ሰፈር ሰው ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፤ ስደት ላይ አዲስ አበባ ስላደገ አማርኛው እንደኛው ነው። «በጦርነቱ ሸሽተን ስንመለስ ቆርቆሮው ተወስዶ ነበር ይላሉ። ይህ ግድግዳ ሁለት ክረምት ዝናብ ጠጥቷል።»

ወደ ጋሽ ጌታሁን ሄድኩ። «ጋሼ፣ የሁለቱም ክፍሎች የጣሪያ እንጨት ያረፈው እዚህ ግድግዳ ላይ ነው። ሆዱ ደግሞ ጭቃ ነው። መጀመሪያ ጣሪያውን በፑንቴሎ እንጨት ከሥር እንደግፈው።»

«ድጋፉ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አራት ቀን።»

«ሴትዮዋ ለፋሲካ ልክፈት ብላለች። አንተ ግንበኛ ነህ ወይስ ኢንጂነር?»

መዶሻዬን ይዤ ወጣሁ። የዚያን ዕለት የተቀጠርኩ ሰው ነኝ። እትዬ አልጋነሽ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ሰላም ብያቸው አለፍኩ።

ማክሰኞ ጠዋት መቁረጥ ጀመርን። ሦስተኛውን ድንጋይ ሳወጣ ከውስጡ ደረቅ ጭቃ እንደ ጤፍ ይንዶለዶል ጀመር። መዶሻዬን አቆምኩ፤ ጭቃው ግን አላቆመም። ከላይ ልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። እያየሁት ጣት የሚያስገባ ሆነ።

«አምሩጉ! አምሩጉ በራ! ውጡ!» ብዬ ጮህኩ።

ሠራተኞቹ ወደ በረንዳው ሮጡ። ጋሽ ጌታሁን ግን ከግድግዳው ማዶ መጋዘኑ ውስጥ ሆኖ ይለካ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለችውን በር ሲገፋ ሰማሁት። መቃኗ ተጣሞ መዝጊያዋን ነክሶታል። ሌላው መውጫ በግቢው በኩል ነው፤ እዚያ ደግሞ እኛው ራሳችን በሩን አስደግፈን የሲሚንቶ ከረጢት ደርድረናል።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ከማዶ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ጋሼ፣ ከግድግዳው ራቅ! ወደ ግቢው በር ሂድ!»

ሠራተኞቹን ከረጢት እንዲያነሡ በጎን ወደ ግቢ ላክኋቸው። ሁለት ፑንቴሎ በረንዳው ላይ ነበረ። አንዱን ከስንጥቁ በላይ ላለው የጣሪያ እንጨት አቆምኩት። ብቻዬን ይዤ ሽብልቅ መምታት አልቻልኩም። ላዶ ተመልሶ ገባ።

«አንተ ውጣ» አልኩት።

«እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ምታ።»

መታሁ። እንጨቱ አቃሰተና ተቀመጠ። ሁለተኛውን ስናቆም ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ ነበር። ከግቢው በኩል የማማ ኬጂ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ያላ! ያላ!» እያሉ ከሠራተኞቹ ጋር ከረጢት ይጎትታሉ። በሩ ተበረገደ። «ወጣ!» አለ አንዱ።

እኔና ላዶ ስንሮጥ የግድግዳው መሐል ወረደ። ጣሪያው ተንጠለጠለ እንጂ አልወደቀም። እኔን ምንም አልነካኝም። ላዶን አንድ ድንጋይ ክንዱ ላይ አገኘው፤ አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ላዶን ሐኪም ቤት አድርሰን ስንመለስ እትዬ አልጋነሽ በረንዳው ላይ ሰበሰቡን። «ይህ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነበር?»

ጋሽ ጌታሁን መሬት መሬቱን አየ። «ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት» አለ።

እትዬ አልጋነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «ለእኔስ? ትናንት በአጠገቤ አልፈህ የለም እንዴ?»



ጋሽ ጌታሁን ግድግዳው ሳይሠራ ሥራውን አልለቅም አለ። አምስት ሳምንት ፈጀብን። በኖራ ገነባነው፤ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ድንጋይ በየአንድ ክንድ ርቀት አሰርንበት። ፋሲካ አለፈ። ሬስቶራንቱ በሁለት ክፍል ተከፈተ፤ መጋዘኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደንበኛ የሚሻማው እሱን ነው።

የላዶ ክንድ ዳነ፤ ግን ከትከሻው በላይ አይነሣም። አሁን ከባድ አያነሣም፤ ቱንቢና ውኃ ልክ የሚይዝልኝ እሱ ነው። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ይህ አይቀልልኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የድሮ ቤት ሠርቻለሁ። ስለ ግድግዳ ያወቅኩትን ለአለቃ ብቻ ነግሬ አልተውም። ከሥሩ የሚቆም ሰው ሁሉ፣ መዶሻ ሳይነሣ መስማት አለበት።