ቀይ ዓይን በገና ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ሶዶ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ በገና ሰሞን ሥራ ለሚበዛባቸው የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ስለ ጭንቀት በተሰጠ ሥልጠና ላይ እንድገኝ ጋብዘውኝ ነበር። ምሳና ሰርተፍኬት ያለውን የነፍስ ዕረፍት ሁሉ ስለምጠረጥር፣ አሠልጣኙ "በረጅሙ ተንፍሱ" ሲል እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ምሳ ላይ ግን ከጥሬ ሥጋው ጎን የቀረበው ዳጣ፣ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር አፍንጫዬን ሲወጋኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አባቴም ትዝ አለኝ።

አባቴ አረካ ከተማ ወንጌላዊ ነበር። ገና ሲቃረብ ቤታችን በር ያለው አይመስልም፤ እኛ እንቅደም እያሉ የሚጣሉ ሁለት የመዘምራን ቡድኖች፣ ልጄ በድራማው ማርያምን ካልሆነች የምትል እናት፣ ሞንታርቦው ተበላሸ የሚል ዲያቆን፣ ሁሉም ከነአቧራቸው ይገባሉ። አባቴ ለሁሉም "ተባረኩ" እያለ ፈገግ ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን ድንገት ይጠፋል። እናቴ ከእንሰቱ ጀርባ ወዳለችው ጎጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ፣ "ተንበርክከዋል፣ አሁን አይሆንም" እያለች እንግዳ ትመልሳለች።

ሲወጣ ዓይኑ ደም ይመስላል። መጀመሪያ ምእመኑ "ለእኛ ሲያለቅስ ነው" ብሎ አመሰገነ። ቀጥሎ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ አለ፤ ነጭ ሽንኩርት የምን ሽታ እንደሚደብቅ ደግሞ አረቄ የተወ ሁሉ ያውቃል። አባቴ ሳይቀምስ ሰካራም ሆነ፤ ከአገልግሎት ለመታገድም የቀረው የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የጋሽ ዳና ቃል ብቻ ነበር። ልጅ ከጉባኤ አይለይምና እኔም ኮቱን አሽትቻለሁ።

የገና ዋዜማ ጋሽ ዳና እናቴን በትሕትና አልፈው የጎጆዋን በር ገፉ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አባቴ በእርግጥም ተንበርክኮ ነበር፤ እናቴ አልዋሸችም። እጅጌውን ሰብስቦ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ወፍጮ ድንጋዩ ላይ ዳጣ ይፈጫል።

"ወንጌላዊ! የሴት ሥራ?" አሉ ጋሽ ዳና።

"ጋሼ፣ ይህን ካልፈጨሁ ሰው እፈጫለሁ።"

ሽማግሌው በሩን ገርበብ አደረጉት። "አረቄ ቢሆን ንስሐ አለው፤ ይህን ለጉባኤው ምን ብዬ ላስረዳ?"

ተስማሙ። ጋሽ ዳና አባቴ እንደማይጠጣ በምእመኑ ፊት መሰከሩለት፤ አባቴም ድንጋዩን ዳግመኛ ላይነካ ቃል ገባ። ስሙ ተረፈ፤ ጎጆዋ የሞንታርቦ ማስቀመጫ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በገና ሰሞን አባቴን የፈለገ ሰው ሁሉ ያገኘው ነበር፤ "ተባረኩ" ሲል ግን ጥርሱን ሲያፋጭ እሰማለሁ። በቀጣዩ ዓመት እናቴ የፈጨችው ዳጣ ሲቀርብለት አንዴ አጣቀሰና "አልደቀቀም" ብሎ ከማዕዱ ተነሳ።

ከምሳ በኋላ አሠልጣኙ እያንዳንዱ መሪ በዚህ ሰሞን የሚያሳርፈውን ነገር እንዲናገር ጠየቀ። ሁሉም በየተራ "ጸሎት" አሉ። ዓይናቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ አንዱም አልቀላም።